የግራው እግር

ኢምራን ማለዳ ይመጣል፣ የደንብ ልብሱን ለብሶ፣
ሰባት መርፌ ክር ያሾልካል፣ ምላሱን በጥርሱ ነክሶ፤
ከመከዳው ላይ በተርታ ሰክቶልኝ ይሮጣል ትምህርት ቤት።
የኔ ቀን ርዝመቱ ይኸው ነው፤ ሰባት መርፌ፣ አንድ ጣት።

አንድ ጣት ነው የምሄደው፣ ከጧት እስከ ማታ፣
በሙሽራ ሱሪ ጫፍ፣ በቁርጭምጭሚት ቦታ።
ቀኙ እግር ካለቀ ቆይቷል፤ ይኸኛው ግራው ነው።

ከደጄ መኪና ግርግር፤ ሲንጀሩ ይንጣጣል እንደ ቆሎ፣
አብዱሰመድ ሦስት ቀሚስ ጨርሷል፣ አራተኛውን ቸኩሎ።
«ምነው አንቺ!» ይለኛል፣ እግሩ ከፔዳሉ ሳይወርድ፣
«ከቀሚስ ስር ለሚቀር ጥልፍ፣ ዓይንን እንዲህ መማገድ!»
አልመልስለትም። አፌ ውስጥ ክር አለ።

ማክሰኞ ቀዩ አለቀ። ድሬ ላክሁ፣ በሚኒባስ ሹፌር እጅ፣
ናሙናውን በወረቀት ጠቅልዬ፤ «አይቅላ፣ አይደብዝዝ፣ እንዲህ ይሁን እንጂ!»
ያመጣው የቲማቲም ነው። የኔ የሮማን ፍሬ ነበረ።
ለብቻው አኖርኩት፤ ቀኑ በአረንጓዴው ተሻገረ።

ረቡዕ መብራት የለም። ከነደባው ወርጄ ወደ በሩ ተጠጋሁ፣
ከፀሐይዋ ጋር እየዞርኩ ግቢውን በጨርቁ ለካሁ።
እስከ ዘጠኝ ሰዓት በሎሚው ጥግ፣ ከዚያ ከግንቡ ስር፣
አሥራ አንድ ላይ የቀረኝ ብርሃን፣ አንዲት ስንጥቅ፣ አንድ ክር።

ሐሙስ ነው ስህተቱን ያየሁት።
ቅጠሉ ሦስት ክር ስቷል፤ ሰኞ ስቶ፣ ማክሰኞን ይዞ የሄደ፣
ስህተት ብቻውን አይጓዝ፤ አንዱ ሌላውን እየጠለፈ ወረደ።
ማን ያያል? አልኩ። ቀሚስ ይወርድበታል፣ አቧራ ይወርድበታል፣
ሙሽራ ስትራመድስ ማን በቁርጭምጭሚቷ ክር ይቆጥራል?
ማን ያያል ብዬ ሻይ ጠጣሁ። ማን ያያል ብዬ ጨርቁን ዘረጋሁ።
ማን ያያል ብዬ፣ በመርፌው ጫፍ፣ የመጀመሪያውን ቋጠሮ ፈታሁ።

መፍታት ከመጥለፍ ይረዝማል። ክሩ ለመውጣት እሺ አይልም፣
ጨርቁ ቀዳዳውን ያስታውሳል፤ በእርጥብ ጣት ካላሹት አይረሳም።
አብዱሰመድ በመስኮት አየኝና መኪናውን አቆመ፤
ከሃያ መኪና አንዱ ዝም ቢል፣ ጆሮዬ ለየውና ተገረመ።

ማታ በአሮጌ ደብተር፣ እንደ ዘወትሩ ጻፍኩ፦
«ሐሙስ፦ ከዜሮ በታች ሦስት ጣት።» ጻፍኩና ሰረዝኩ።
«ሐሙስ፦ ሦስት ጣት ፈታሁ።»
በቃ።

በማግስቱ ኢምራን መጣ። ሰባቱ መርፌ እንዳሉ ናቸው።
«ትናንት አልሠራሽም?» አለኝ፣ አንድ በአንድ ቆጥሯቸው።
የተፈታውን ክር አሳየሁት፣ ቀይና አረንጓዴ፣ የተጨማደደ፣
«ለኳሴ!» ብሎ ኪሱ ከተተው፣ ሐሙሴን ይዞት ሄደ።

ዓርብ ከጁምዓ በፊት አንድ ጣት፣ ከመልስ በኋላ ግማሽ።
ቅዳሜ ሁለት፤ እጄ ሰላም አግኝቶ።

እሑድ ቀኙን ከሳጥን አወጣሁ፣ ከረመዳን በፊት ያለቀውን፣
ከግራው ጎን አስተኛሁት፣ መንታ ይሆናል ያልኩትን።
አየሁ። መነጽሬን ጠረግሁና ደግሜ አየሁ።
ቀኙም ሦስት ክር ስቷል። እዚያው ቅጠል ላይ።

ለካ ሰኞ ስህተት አልነበረም፤ እጄ ወንድሙን አስታውሶ ነበር፣
ዓይኔ ነው የፈረደበት፣ በማያውቀው ነገር።

ሠርጉ ሃያ ሦስት ቀን ቀርቶታል። ከደጅ ኳስ ትነጥራለች፣
ሐሙሴ በሆዷ፣ ግንቡን መትታ ትመለሳለች።
ቀኙን ልፍታ? ግራውን ላጣምም? ወይስ ሙሽራዋ ትሂድ፣
አንድ እግሯ ቀጥ ብሎ፣ አንዱ ዘንበል ብሎ፣ በአንድ መንገድ?

በሩን ከፈትሁ። «ኢምራን! ነገ ስምንት መርፌ አድርግልኝ።»
«ለምን?» አለ፣ ኳሱን በእግሩ ረግጦ።
«እንጃ። ብቻ ስምንት አድርግልኝ።»